ቁልፍ የማያግደው ካፉር

እማማ ኡሙልኸይር ሰው የሚያዩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ሌላው ፊት ያያል፣ ልብስ ያያል፣ ጫማ ያያል። እሳቸው ከራስ እስከ እግር አንዴ ይቃኙና ውሃ ይለካሉ። መካነ ሰላም ተመድቤ መጥቼ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ክፍል ልከራይ የሄድኩ ዕለት፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ በር ላይ አቁመው ሲመለከቱኝ ቆዩና «አንቺስ ቀላል ነሽ፣ ሁለት ባልዲ ይበቃሻል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ውሃ እጥረት የሚያስጠነቅቁኝ መስሎኝ «ኧረ እማማ፣ እኔ ውሃ አላባክንም» አልኩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሥራቸው የሞቱ ሴቶችን ማጠብ እንደሆነ የነገረችኝ ጎረቤት ናት፣ ያውም ዕቃዬን ካስገባሁ በኋላ።

የከተማው ሙስሊም ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የሳቸው በር ነው። ውሃው ለብ እንዲል ያዛሉ፣ የቁርቁራ ቅጠል ያስወቅጣሉ፣ ወንዱን ሁሉ ከግቢ አስወጥተው ሥራቸውን ይጀምራሉ። ሲያጥቡ ከሟቿ ጋር ያወራሉ። «እስኪ ክንድሽን፣ እታለም»፣ «አብሽሪ፣ ጨረስኩ» ይሏታል። ይህን ልማድ የጀመሩት ገና ልጅ እግር ሆነው ከአማታቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ ዕለት ነው፤ ፈርተው «አብሽሪ» ያሉት ለራሳቸው ነበር፣ ሟቿ የሰማች መሰላቸውና ቀጠሉ።

ክፍያ አይቀበሉም። ደመወዛቸው የሕያዋን ድንጋጤ ነው። በገበያ ቀን በእህል ተራ ሲያልፉ ያሳላት ሴት ሁሉ ሳሏን ትውጣለች። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ቆም ይላሉ፣ «አፊያ ነሽ?» ይሏታል ቁመቷን በዓይናቸው እየለኩ። እኔንም አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ ሳለሁ በሩን ገፋ አድርገው «ልግባ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ብለውኛል። ክርስቲያን መሆኔን ባስታውሳቸው «ውሃው እንደሆነ አንድ ነው» አሉና ያመጡትን አጥሚት አጠጡኝ።

ባላቸው ሐጂ ይማም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው ሕያዋንን ይለካሉ፣ ሚስታቸው ሙታንን። «ከኛ ከሁለታችን የሚያመልጥ የመካነ ሰላም ሰው የለም» ይሉ ነበር አሉ ሐጂ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ።

እኔ እንቁ እባላለሁ። የደጎሎ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቁጡ ናት ይሉኛል። ሰው ዓይኑ እያየ የማይሆን ነገር ሲያምን ዝም ማለት አልችልም፤ ይህ ቁጣ ከተባለ እንግዲህ ቁጡ ነኝ።

አሁን ወደ ካፉሩ ልምጣ። በእጥበቱ መጨረሻ ውሃው ላይ የሚጨመር ነው። ነጭ ነው፣ የአሞሌ ጨው ስባሪ ይመስላል፣ ሽታው ግን በአፍንጫ ገብቶ ግንባር ድረስ ይወጣል። ሐጂ ይማም ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ሰው ሁሉ ለሚስታቸው ወርቅ ወይም ሽቶ ያመጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው እንቁላል የሚያህል ካፉር ክዳን ባለው ብልቃጥ ይዘው መጡ። «ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ላንቺ» አሏቸው። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ስጦታ ጠብ ይነሳ ነበር። ለአጣቢ ግን የፍቅር ቃል ነው፣ እማማም እንደዚያው ነው የተቀበሉት። ሐጂ ብልቃጡን በኮታቸው የደረት ኪስ ይዘው፣ መንገዱን ሁሉ እየከፈቱ ለሰው ሲያሳዩ ስለመጡ፣ ያ ኮት ከዚያ ወዲያ ካፉር ካፉር ይል ነበር። ባለኮቱም እንደዚያው።

ሐጂ ዓምና ሞቱ። ግማሹ ካፉር ለሳቸው ሆነ። በዚያ ቀን ግርግር የብልቃጡ ክዳን ጠፋና እማማ የራሳቸውን ድርሻ በነጭ ጨርቅ ቋጠሩት፣ ካዘጋጁት ከፈናቸው ጋር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ቀናቸው ሲደርስ ሐጂ በሸተቱት ሽታ ወደ ሐጂ ሊሄዱ ነው። በሁሉ ነገር ይቀልዳሉ፣ በዚህ ግን አይቀልዱም።

ችግሩ የመጣው ከሙሽራዋ ጋር ነው። ልጃቸው ሰዲቅ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከወግዲ ጁማናን አገባ። ጁማና አባቷ ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ አስተማሪ ናቸው። ቀስ ብላ የምትናገር፣ የተናገረችውን ደግሞ የማታጥፍ ልጅ ናት። ሰዲቅ ቁም ሳጥን እስኪያሠራ ድረስ እማማ «ሳጥኔ ሳጥንሽ ነው» ብለው የሙሽራዋን ቀሚሶችና ሻርፖች ከከፈናቸው አጠገብ ቦታ ሰጧቸው። እኔ ብሆን በእግሬ ወግዲ እገባ ነበር። እሷ «አላህ ይስጥልኝ፣ እማ» ብላ አጣጥፋ አስገባች። ልብስ በፈለገች ጊዜ እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ይሰጧታል፣ ከፍታ ቆልፋ ትመልሳለች።

ከዚያ ካፉሩ መክሳት ጀመረ። ሲቆለፍ ግማሽ እንቁላል ያህል የነበረው፣ ውሎ አድሮ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አከለ፣ ከዚያ ባቄላ አከለ። እማማ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጠረጠሩ፣ ቀጥለው አይጥ ጠረጠሩ። ቋጠሮው ግን አልተበሳም። አንድ ጠዋት ጁማና ሰሃን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ከሻርፗ ያ ሽታ መጣ። የሐጂ ሽታ። ዕቃው ከሳጥን ጠፋ፣ ሽታው ሙሽራ ላይ ተገኘ፤ ለእማማ ከዚህ ወዲያ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

እማማ ነገር አያሳድሩም። ረቡዕ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ለምን እንደወሰድሽው ንገሪኝና አውፍ ልበልሽ፣ ይቅር ልበልሽ» አሏት።

«አልወሰድኩም፣ እማ።»

«እንግዲያው አርብ ከጁምዓ በኋላ በቁርአን ትምያለሽ።»

ጁማና መለሰች። «እማ፣ እኔ አባቴ ቁርአን ሲያስቀሩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በሌብነት ተጠርጥሬ እጄን እሱ ላይ አላኖርም። ይህ ከመጣ አርብ ጠዋት ወደ ወግዲ እሄዳለሁ።»

«ንጹህ ሰው መሀላ አይፈራም።»

«ንጹህ ሰው ነው የሚፈራው» አለችና ገባች።

ሄደች ማለት ሄደች ማለት ነው፣ ወግዲ ሄዳ በሽማግሌ የምትመለስ ልጅ አይደለችም። ሂናዋ ከእጇ ሳይለቅ ትዳሯ ሊፈርስ ነው። ለሰዲቅ ስልክ ደወልኩለት። «እናቴን ምን ልበላት? ሚስቴንስ ምን ልበላት?» ብሎ ፍሬን እንደያዘ መኪና ባለበት ቀረ። ወንድ ልጅ በእናትና በሚስት መካከል ሲገባ ይህን ያህል ነው ጥቅሙ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበትና እማማ ዘንድ ገባሁ።

«ለመሆኑ ሙሽራ ካፉር ምን ያደርግላታል?»

«እኔ ምን አውቄ። የዘንድሮ ልጅ ፊቷን በምኑ የማታሽ አለ? ቲክቶክ ላይ የሩዝ ውሃ ሲቀቡ ያሳየሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

«እማማ፣ ካፉሩን ማንም አልወሰደውም። ራሱ ነው የሄደው።»

«እግር አለው?»

«እግር አያስፈልገውም።»

አልተቆጡም። አዝነውልኝ ነው ያዩኝ። «ብርድ መትቶሻል መሰለኝ፣ ገብተሽ ተኚ» አሉ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ በርጩማ ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ዘጠነኛ ክፍልን የማስተምረው በሰሌዳ ላይ ክብ ክብ እየሳልኩ ነው። ለሳቸው ክብ አይሆንም።

«ሶላት ላይ ሶፍ ስትይዙ እንዴት ነው የምትቆሙት?»

«ትከሻ ለትከሻ ነዋ። ክፍተት ካለ ሸይጧን ይገባል።»

«ድንጋይም፣ ጨውም፣ በረዶም እንደዚያ ናቸው። በዓይን የማይታዩ ሞለኪውል የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች ሶፍ ይዘው ነው የቆሙት። ግን ጸጥ አይሉም፣ ቦታቸውን ሳይለቁ ይንቀጠቀጣሉ።»

«በርዷቸው?»

«ሞቋቸው። ሙቀቱ ሲጨምር መንቀጥቀጡ ይብሳል።»

«ከኛ ተቃራኒ ናቸው እንግዲህ» አሉና ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

«በጣም ሲሞቃቸው ሶፉ ይፈርሳል። ያኔ የገበያ ሰው ይሆናሉ፤ እየተጋፉ፣ እየተሹለኮለኩ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ከገበያው ግን አይወጡም። ውሃ እንደዚያ ነው፣ የቀለጠ ቅቤም እንደዚያ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ገበያው ይበተናል። እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ሽው ይላል፣ ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ። እንፋሎት ማለት ያ ነው፣ ጋዝ ማለት ያ ነው።»

«ካፉሩስ?»

«ካፉር ገበያ አይወድም። ከሶፉ ዳር የቆመው በተንቀጠቀጠ ቁጥር አምልጦ በቀጥታ ወደ አየር ይሄዳል። አይቀልጥም፣ ጨርቁን አያረጥብም። እሳት እንኳ አይጠብቅም፣ የዚህ ቤት ሙቀት ይበቃዋል።»

«ሶላቱን ሳይጨርስ?»

«ሳይጨርስ።»

«እንዲህ ያለ ጀማዓ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«ሽታ የሚሉት ሌላ ነገር አይደለም፣ እማማ። ያመለጠው ካፉር ራሱ ነው። ሸተተኝ ካሉ ትንሽ ካፉር አፍንጫዎ ገብቷል ማለት ነው። የጁማና ሻርፕ የሸተተውም ካፉሩ ከአጠገቡ ተነስቶ ስለሠፈረበት ነው። ከፈንዎንም ያሽትቱት፣ እንደዚያው ነው። ከፈኑ ሰረቀ ሊሉ ነው?»

ይህን ስል ፊታቸው ለወጥ አለ። እኔ በማስተማር ላይ ስሆን የሰው ፊት አላይም፣ ቀጠልኩ።

«ወሬሽ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የማይታይ ሰልፍ፣ እግር የሌለው ሌባ። በዓይኔ ልየው።»

ሮጬ ከልብሴ መሃል ናፍታሊን አመጣሁ። እሱም እንደ ካፉር ሳይቀልጥ የሚሄድ ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። እማማ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸተቱትና መለሱልኝ። «የዚህ ምስክርነት ለካፉር አይሆንም። ዘመዱም አይደለም።» ከዚያ ሳጥኑን ከፈቱ፣ ቋጠሮውን ፈቱ፣ የቀረችውን ባቄላ መዳፌ ላይ አኖሯት። «በዚህ አሳዪኝ።»

ያኔ ነው የፈራሁት። ትምህርት ቤት ቢበላሽ የሚበላሸው የመንግሥት ጨው ነው። ይህ ግን የሐጂ ይማም ቃል ነው፣ ከተነነብኝ ተነነ፣ ጁማናም ነገ መሄዷ ነው። ካፉሯን በሲኒ ውስጥ አደረግኳት። ሲኒውን የመስታወት ሰሃን ከደንኩበት፣ ሰሃኑ ላይ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩ። የመካነ ሰላም ጀሪካን ውሃ ጥርስ ያነቃል፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሲኒውን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት።

«እሳቱ ላይ ብታደርጊው አይፈጥንም?»

«እሳት ካየ ይነዳል።»

ጁማና ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሻንጣዋ ተዘግቶ ይታያል። ሦስታችንም ሲኒው ላይ አፈጠጥን። ትንሽ ቆይቶ የባቄላዋ ጫፍ ሳሳ፣ ከዚያ ጎኗ ገባ፣ ከዚያ ምስር አከለች። ሲኒው ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም።

«ሄደ» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «ውሃ አልሆነም። ልጅቷ እዚያ ቆማለች፣ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ፣ ሄደ።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ፣ የሰው ክንድ የሚይዙበት ጉልበት አላቸው። «በይ አሁን መልሺው።»

ሰሃኑን በጥንቃቄ አነሳሁና ገለበጥኩላቸው፤ ውሃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፣ ደቃቅ፣ መርፌ መርፌ የሚመስል።

«ውርጭ» አለች ጁማና። ከትናንት ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እንደ ውርጭ ነው፣ ልክ ነሽ። ገብሱ ላይ የምናየው ውርጭም ከሰማይ አይወድቅም። አየሩ ውስጥ የተበተነው የውሃ እንፋሎት የቀዘቀዘ ቅጠል ሲያገኝ፣ ገበያ ሳይገባ በቀጥታ ሶፍ ይይዛል። ካፉሩም ቀዝቃዛ ሰሃን አገኘና ሶፉን ያዘ።»

እማማ በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱ። «እሱ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አስተማሪ ግን ማቆም አያውቅም። «እንግዲህ ሳጥኑ ሲዘጋ በውስጡ ያለው አየር በካፉር ይሞላና መውጣቱ ጋብ ይላል። ሲከፈት ያ ሁሉ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሌላ ይተካል። ጁማና የምትከፍተው አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ፍጥነት እንዲያልቅ በቀን ስንት ጊዜ የሚከፍተው ሰው አለ። ማን ነው?»

ጁማናን አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ እሷ መልሱን እንደምታውቅ ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ። «ከሱብሒ በኋላ እከፍተዋለሁ። ከመግሪብ በኋላም እከፍተዋለሁ። ሲከፋኝም። ቋጠሮውን ፈትቼ አፍንጫዬ ላይ ሳደርገው ሐጂ ከመካ የመጣ ቀን ይመጣል፣ ኮቱን ለብሶ። ከሠርጉ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ፣ የልጁን ሠርግ ሳያይ ቀረ እያልኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «የሚሸተው ካፉሩ ራሱ ነው አልሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ድርሻዬን በአፍንጫዬ ጨረስኩት።»

ያን ሁሉ የተናደድኩበትን ነገር በአንዴ አጣሁት። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። ለዚህ የሚሆን ቃል ኬሚስትሪ ውስጥ የለም።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት ጁማናን።

«በመጋረጃው በኩል አይዎት ነበር፣ እማ።»

«ታዲያ ሌባ ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባልና ሚስት ሲያወሩ ይገባል እንዴ?» አለች ጁማና።

እማማ ኡሙልኸይር ተነሱና ፊቷ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ከራስ እስከ እግር አዩዋት፣ ግን የዚያን ቀን ውሃ የሚለኩ አልመሰለኝም። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሉ። ጁማና የተናገረችውን የማታጥፍ ናት ብያችኋለሁ። «ሻንጣውን ማን ይፈታዋል?» አለች። እማማ ጓዳ ገብተው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ተንበርክከው፣ ራሳቸው ፈቱት። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ሳጥኑ መለሱ። «አውፍ ብያለሁ» አለች ያኔ፣ አልቅሳ።

ከሰሃኑና ከሲኒው የለቀምኩት ካፉር ተሰብስቦ ከባቄላ ያንሳል። ክዳኑ ጎማ ያለውና ጥብቅ የሚል የማር ብልቃጥ ነበረኝ፣ አጥቤ አድርቄ እሱ ውስጥ ከደንኩት። «ይበቃ ይሆን?» አልኳቸው። «እኔም ከስቻለሁ፣ ይበቃል» አሉ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው የጁማና አንገት ላይ አሰሩት። «ብለምንሽ እንዳትከፍቺልኝ። ባለቅስም እንዳትከፍቺ።»

ያን ዕለት ስተኛ ደስ አላለኝም። ካፉሩን አድኜ እማማን ከሐጂ ያቆራረጥኩ መሰለኝ። በማግስቱ አርብ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እማማ ሰግደው ጨርሰው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው አንገታቸው ላይ ቁልፉን ይፈልጋል። ጁማና መጣች። ምንም ሳትናገር ያንን ሻርፗን፣ የሌብነቷ ማስረጃ የነበረውን፣ ከራሷ ላይ አውርዳ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸውና ሌላ ሻርፕ ጣል አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች። እማማ በሁለት እጃቸው አንስተው ፊታቸውን ቀበሩበት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንደዚሁ ነው፤ እማማ ሲጨርሱ ጁማና ሻርፑን መልሳ ትለብሰዋለች፣ ወጥ ስትሠራም እሱው ነው። ሽታው ከሻርፑ ላይም እየሄደ ነው፣ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸውም አሁን ያውቃሉ። ማንም ግን በአፉ አላነሳውም። ዛሬ ጠዋት ከወትሮው የበለጠ አፍንጫቸውን ቀብረው ቆዩና ቀና አሉ።

«ጁማና።»

«አቤት፣ እማ።»

«ሐጂ ዛሬ ሽንኩርት ሲከትፍ ነው ያደረው።»